ዲስክ ውስጥ የቀረው ድምፅ

እትዬ ጥሩወርቅ ማረፏን የሰማሁት ውርጌሳ ላይ ሰርግ እየቀረጽኩ ነው። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ሦስት ጊዜ ነዘረ። ሙሽራው ከመኪና እየወረደ ስለነበር አላነሳሁትም። በአራተኛው ካሜራውን በአንድ እጄ ደግፌ አነሣሁት፤ ወልድያ ከእትዬ ጥሩወርቅ ስቱዲዮ ጎን ልብስ የሚሰፋው ጌታቸው ነው።

"ሞላ፣ እትዬ ጥሩ አረፈች። ዛሬ ጠዋት። ቀብሩ ነገ ነው።"

"እሺ" አልኩት።

ከዚያ ካሜራውን ትከሻዬ ላይ መልሼ ሰርጉ እስኪያልቅ ቀረጽኩ። ሰው ሲሰማው ልበ ደንዳና ልመስለው እችላለሁ። ግን ሙሽራ ሁለቴ ከመኪና አይወርድም። የዚያን ቀን እስክስታ የሚመቱትን ሁሉ ቀርጫለሁ፤ አንዱንም አላየሁትም። ማታ መርሳ ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ተቀመጥኩ። ለቅሶው ገና አልመጣም ነበር። የመጣው ድካሙ ብቻ ነው።

እትዬ ጥሩወርቅ ወልድያ ተወልዳ ወልድያ ያረጀች ሴት ናት። ወጣትነቷን በአንድ መሥሪያ ቤት በታይፕ ጸሐፊነት ጨርሳዋለች። ወንድሟ ትንሽ የቪዲዮ ቤት ነበረው። እሱ በድንገት ሲሞት ቤቱን የሚረከብ ጠፋና እሷ ሥራዋን ለቃ ገባችበት። መጀመሪያ የሙሽሮቹን ስም ብቻ ነበር የምትጽፈው፤ ቀጥሎ ዘፈን መግጠም ለመደች፤ ቀጥሎ ኤዲቲንጉን በሙሉ ያዘችው። ማንም አላስተማራትም። ኮምፒውተር ፊት ስትቀመጥ አለቃ ከኋላዋ የቆመ ይመስል ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ ነው። በአሥሩም ጣቷ ሳታይ ትጽፋለች። መነጽሯን በጥቁር ክር አንገቷ ላይ ታንጠለጥለዋለች። ድምፅ ስትመረምር ደግሞ ዓይኗን ትጨፍናለች።

አንድ ልማድ ነበራት። ኮፒ ስታስጀምር መዳፏን ሃርድ ዲስኩ ላይ ታሳርፋለች፤ ትኩሳት ያለበትን ልጅ ግንባር እንደሚዳብስ ሰው። ሲግል ታቆመዋለች፤ ሲበርድ ትቀጥላለች።

መርሳ የቀረጽኩትን ሰርግ መጀመሪያ ይዤላት የሄድኩ ቀን፣ በአገራችን ደንብ "አንቱ" አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና፣

"አንቱ አትበለኝ። ጸሐፊ እያለሁ አንቱ የሚለኝ ሥራ አስኪያጁ ብቻ ነበር፤ ያውም ሊቆጣኝ ሲል" አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ አንቺ አልኳት። እስከ መጨረሻው ግን ጆሮዬን ይከብደው ነበር።

አብረን መሥራት በጀመርን በጥቂት ወራት ውስጥ ትልቅ ጥፋት አጠፋሁ። የመርሳ የአንድ ሹፌር ልጅ ሰርግ ዲስክ ላይ ነበር። የካሜራውን ሜሞሪዎች ለሚቀጥለው ሰርግ ብዬ ባዶ አድርጌያቸዋለሁ። እትዬ ጥሩ እዚያው ዲስክ ላይ ሌላ ሥራ እየጫነች ወደ ጎረቤት ብቅ አለች። ስትወጣ "ገመዱን እንዳትነካ፤ እየጻፈ ነው" ብላኛለች። እኔ ስልኬን ቻርጅ ላደርግ ፈልጌ መሰኪያ አጣሁና አንዱን ነቀልኩ። ስትመለስ ዲስኩ ውስጡ ያለውን አላውቅም ብሏል። ሦስት ቀን ታግላ የሰርጉን ቀን አወጣችው። የመልሱ ቀን ግን ጠፋ።

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አልጮኸችም። ነጠላዋን አንሥታ "ተነሥ፣ መርሳ እንሂድ" አለችኝ።

"ምን ልናደርግ?"

"ልንነግራቸው ነዋ። አንተ ትናገራለህ፤ እኔ አጠገብህ እቀመጣለሁ።"

ነገርኳቸው። የልጅቱ አባት "ምነው ባልሰማሁት ኖሮ" አሉ።

"አውቃለሁ አባቴ" አለቻቸው። "ግን ከሰው ከሚሰሙት ከእኛ ይስሙት ብለን ነው።"

ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ መርሳን ቤት ለቤት ዞረች። መልሱ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ በስልኩ የቀረጸውን እየለመነች ሰበሰበች። አንዱ የሙሽራዋን ግማሽ ፊት፣ አንዱ የጨፋሪ እግር፣ አንዱ የድንኳን ጣሪያ ሰጣት። ያንን ሁሉ ገጣጥማ መልስ አደረገችው። አባትየው ሲያዩት ሳቁ። በሚኒባስ ወደ ወልድያ ስንመለስ መስኮቱ ላይ ደገፍ ብላ "ደከመህ?" አለችኝ።

"አዎ።"

"እኔም" አለች። ስለዚያ ጥፋት ዳግመኛ አላነሣችብኝም።

ያኔ ሥራችን መጠበቅ ነበር። ኮምፒውተሯ አሮጌ ነው፤ የዲስክ መሰኪያውም የድሮ ነው። አንድ ሰርግ ከዲስክ ወደ ዲስክ ለማሳለፍ ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ ይፈጃል። መሐል ላይ መብራት ከሄደ እንደገና ከሀ። ካሜራው በየዓመቱ ጥራቱ ሲጨምር ፋይሉም አብሮ ከበደ፤ የእኛ መሰኪያ ግን ያው ነው። ደንበኛ መጥቶ "አልደረሰም?" ሲላት ስክሪኑን ወደ እሱ ታዞርለትና "እየመጣ ነው፤ አብረን እንየው" ትለዋለች። ብዙዎቹ ትንሽ ተቀምጠው አይተው ተስፋ ቆርጠው ይሄዳሉ። እሷ ትታው አትሄድም። ለምን እንደማትሄድ ስጠይቃት፣ "ውስጡ ሰው ነው ያለው" ትለኛለች።

ጦርነቱ መጥቶ ከተማው ሲወጣ፣ ሰው ብርድ ልብሱንና ስንቁን ሲሸከም እትዬ ጥሩ ዲስኮቹን በአንሶላ ጠቅልላ ተሸከመች። ኮምፒውተሩን ጥላ ሄደች። ሐራ ካሉ ዘመዶቿ ቤት ጎተራ ውስጥ፣ ማሽላ መሐል ቀበረቻቸው። ስትመለስ ስቱዲዮው ውስጥ የቀረው አንድ እግሩ የተሰበረ ወንበር ነው። ዲስኮቹ አሉ፤ ሙቀቱና አቧራው ግን ዕድሜያቸውን በልቶታል።

ከዚያ ወዲህ ሥራችን ተለወጠ። አዲስ ሰርግ ጥቂት ነው። የድሮውን ፈልጎ የሚመጣው ግን በዛ። አልበሙ የተቃጠለበት አለ፤ ሲዲው የተሰበረበት አለ። ሰው የሞተበት ደግሞ ይበልጣል። "የወንድሜ ሰርግ እናንተ ዘንድ አለ?" ይላሉ በር ላይ ቆመው። እትዬ ጥሩ ደብተሯን ታገላብጣለች። ካለ "አለ" ስትላቸው የሚያለቅሱትን፣ ከሌለ ዝም ብለው የሚወጡትን ማየት እኔን አደከመኝ። እሷን ምን እንዳደረጋት አላውቅም። አትናገርም።

በዚያው ሰሞን ከአዲስ አበባ ያገለገለ ላፕቶፕ አስመጣን። መሰኪያው ፈጣን ነው ተብሎልናል፤ ከውጭ ዲስክ ላይ ቀጥታ እየከፈቱ ኤዲት ማድረግ ይቻላል፣ መገልበጥ አያስፈልግም ተብለናል። አብሮት አንዲት ትንሽ፣ የሚዞር ነገር የሌላት አዲስ ዲስክ መጣች። ሰካን። እንደ ድሮው አዘገመ። እኔ ተበሳጨሁ፤ "ተታለልን፤ ይመለስ" አልኩ።

እትዬ ጥሩ ግን ቤት ውስጥ ያለውን ገመድ ሁሉ ሰብስባ ጠረጴዛ ላይ ደረደረችው። አፋቸው አንድ ዓይነት ነው፤ ሁሉም ይገባሉ። አንዱን ፋይል በእያንዳንዱ ገመድ እያሳለፈች የእጅ ሰዓቷን እያየች ጻፈች። መጀመሪያ የሰካንበት ለካ የስልክ ቻርጀር ገመድ ነው፤ መብራት ያሳልፋል፣ ፋይል ግን በጭላጭ ነው የሚያሳልፈው። ከሁሉ ወፈር ያለችው አጭር ገመድ ላይ ስትደርስ ፋይሉ ዓይናችን እያየ አለቀ። እኔ ጮህኩ። እሷ ቀይ ክር ከጌታቸው ተቀብላ ገመዷ ላይ አሰረችባት፤ "ይህቺን ለስልክ የነካ ሰው እዚህ ቤት አይገባም" አለች።

እኔ ከዚያ በኋላ ሁሉም ዲስክ የሚሮጥ መስሎኝ አሮጌዎቹን አንድ በአንድ መሰካት ጀመርኩ። እነሱ ግን ብዙም አልፈጠኑም። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት፣

"በሩን ብታሰፋው ሽማግሌው አይሮጥም" አለችኝ። "ግን በር ላይ እንዳይገፋፋ ያደርግለታል። ያም ቀላል አይደለም።"

እማማ ፋጡማ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። የውርጌሳ ሴት ናቸው። ገበያ ውለው፣ ባዶ ከረጢታቸውን አጥፈው ብብታቸው ሥር ይዘው በሩ ላይ ቆሙ።

"የልጄን የዘሃራን ኒካህ ያነሣችሁት እናንተ ናችሁ?"

እኔ ነኝ የቀረጽኩት፤ አስታወስኩት። እትዬ ጥሩ ወንበሩን አቀረበችላቸው። "ይቀመጡ እማማ። የዘሃራን ነው የሚፈልጉት?"

"ዘሃራስ አለች፤ ከባሏ ጋር ናት፣ አልሐምዱሊላህ። ወንድሟን ነው። ሰዒድን። እዚያ ሰርግ ላይ ነበረ።" ከረጢቱን ጭናቸው ላይ እያጠፉ እየፈቱ ቀጠሉ። "በባሕር ወጣ። ከልጆች ጋር ተነሥቶ ጅቡቲ ደረስኩ ብሎ ደወለ። ከዚያ ወዲህ ወሬው የለም። ሁለት ዓመት አለፈው። መልኩንስ አልረሳሁትም። ድምፁ ነው የጠፋኝ። ልተኛ ስል እፈልገዋለሁ፤ አይመጣልኝም።"

እትዬ ጥሩ ደብተሯን ገለጠች። ዲስኩን አወጣች። ሰካችው። መዳፏን አሳረፈችበት፤ ወዲያው ፊቷ ተለወጠ። ዲስኩ ከውስጡ በጥፍር እንደሚያንኳኳ ሰው ቀጭ፣ ቀጭ ይላል።

ለሩብ ሰዓት ያህል ቆየና ከስክሪኑ ጠፋ። ካቀዘቀዘችው በኋላ ደግማ ሞከረች፤ ኮፒው ሲሶው ላይ ሳይደርስ ጠፋ። ሦስተኛውም እንዲሁ። አንድ ወጥ ትልቅ ፋይል ነው፤ ግማሹ ቢወጣ አይከፈትም። በየሙከራው የሚቆይበት ጊዜ እያጠረ ሄደ። እኔ ለአራተኛ ጊዜ ልሰካ ስል እጄን ያዘችኝ።

"በቃ። እየገደልነው ነው።"

እማማ ፋጡማን "ይጠብቁኝ፤ የሚጎድለኝ ዕቃ አለ" አለቻቸው። "ኢንሻአላህ" ብለው ወጡ።

የዲስኩን ኬዝ፣ ውጫዊ መያዣውን፣ በትንሽ መፍቻ ከፈተችና የነገሩን ሥር አሳየችኝ። ዲስኩ ራሱ ደህና ፍጥነት ነበረው፤ የተቀመጠበት ኬዝ ግን የድሮ ነው፣ መሰኪያው ጠባብ ነው። በዚያ ጠባብ በር ፋይሉ ለመውጣት አንድ ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፤ ዲስኩ ደግሞ ሩብ ሰዓት እንኳ አልቀረውም። ፈጣን መሰኪያ ያለው አዲስ ኬዝ ከተገኘ ሊደርስ ይችል ይሆናል። እኔ ደሴ ሄጄ ፈለግኩ፤ አጣሁ። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሹፌር ለመንን። ሳምንታት ፈጀ።

በእነዚያ ሳምንታት እማማ ፋጡማ በየገበያው ቀን ይመጣሉ። አይጠይቁም። ያችኑ ወንበር ይዘው ጥቂት ይቀመጣሉ፤ "በሉ እንግዲህ ደህና ዋሉ" ብለው ይነሣሉ። እትዬ ጥሩ ኩላሊቷ መታመሙን ያኔ ነው ያወቅኩት። እግሯ ያብጣል፤ ከወንበሯ ለመነሣት ጠረጴዛውን ትደገፋለች። ሐኪም አርፈሽ ተኚ ብሏታል። "ይህን ላውጣና" ትላለች።

ኬዙ መጣ። መብራት እስኪረጋ ሁለት ቀን ጠበቅን። ከመሰካቷ በፊት አንድ ነገር አነሣሁባት። ዲስኩ ላይ የእማማ ፋጡማ ብቻ አልነበረም፤ የሌሎች ሦስት ሰዎች ሰርግም አለ፤ እነሱ ደግሞ ቀድመው የጠየቁን ናቸው። "አንዱን ብቻ ነው ማውጣት የምንችለው" አልኳት። "የቱን ነው?"

መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች።

"የሦስቱም ሙሽሮች ቤታቸው አሉ" አለች። "የሰዒድን አስቀድሚ አለኝ ልቤ። ከተሳሳትኩ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።"

ሰካችው። መዳፏ ላዩ ላይ ነው። እኔ ማራገቢያውን አቀረብኩ። ስክሪኑ ላይ የኮፒው መስመር ይሄዳል። ሲሶ። ግማሽ። ማንኳኳቱ ጀመረ። "አይዞህ" አለችው ዲስኩን፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው መስመሩ ቆመ፤ ቆመ፤ ከዚያ እንደገና ተንቀሳቀሰና አለቀ።

ወዲያው ሁለተኛውን ሰርግ ለማውጣት ሞከረች። ዲስኩ አንድ ጊዜ ረጅም ድምፅ አሰማና ዝም አለ። ዳግመኛ አልተነሣም።

ፋይሉን ከፈትን። ሰዒድን ስናገኘው ያፈርኩትን ያህል በሕይወቴ አፍሬ አላውቅም። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ከእህቱ አጠገብ ቆሟል፤ ሊመርቅ ነው። አፉን ሲከፍት መኪኖቹ ጡሩምባቸውን እየነፉ መጡ፤ እኔም ካሜራውን ወደ መኪኖቹ አዞርኩት። ልጁ ከስክሪኑ ወጣ። ያለው ይኸው ነው። ሌላ ቦታ የለም።

"እትዬ ጥሩ..." አልኩ።

"ዝም በል" አለች። ዓይኗን ጨፍናለች። "አለ። ከጡሩምባው ሥር አለ። እየተናገረ ነው።"

አራት ቀን ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ጡሩምባውን እየቀነሰች፣ እልልታውን እየቀነሰች፣ ደጋግማ እየሰማች። ከአዲሷ ዲስክ ላይ ቀጥታ ስለምትሠራ ለእያንዳንዱ ሙከራ መጠበቅ ቀርቶላታል፤ በድሮው ኮምፒውተር ቢሆን ጤናዋ አያደርሳትም ነበር። እኔ ሂጂ ተኚ እላታለሁ፤ እጇን ታወዛውዝብኛለች።

በገበያው ቀን እማማ ፋጡማ መጡ። እትዬ ጥሩ ማዳመጫውን በሻሻቸው ላይ አደረገችላቸው። እኔም እንድሰማ ስፒከሩን ከፈተችው። ስክሪኑ ላይ የሚታየው የመኪና ሰልፍ ነው። ድምፁ ግን ጥርት ብሎ ወጣ፤ ወጣት፣ ትንሽ የሚቸኩል።

"እማዬስ? እማዬን ጥሯት እንጂ። እሷ ሳትመጣ ምን ብዬ ነው የምመርቀው? እማዬ! እማዬ!"

እማማ ፋጡማ ማዳመጫውን በሁለት እጃቸው ጆሯቸው ላይ ጫን አደረጉት።

"ጓዳ ነበርኩ" አሉ በኋላ። "ሰው በዝቶ ወጥ ሳወጣ ነበር። ሲጠራኝ አልሰማሁትም።"

"ልድገምልዎ?" አለቻቸው።

"ድገሚልኝ።"

ደገመችላቸው። "እማዬ! እማዬ!" ሲል፣ እማማ ፋጡማ ዓይናቸው መኪኖቹ ላይ እንዳለ፣ ቀስ ብለው፣

"ወዬ፣ ልጄ" አሉ።

ድምፁን ስልካቸው ላይ ጫነችላቸው። እጇን ይዘው ሳሙት። እሳቸው ሲወጡ እትዬ ጥሩ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች። የተኛች መስሎኝ ነበር። "ሞላ፣ ደከመኝ" አለች። በሽታዋ ከገባባት ወዲህ ይህን ቃል ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ቢሆንም አልተኛችም። ሰርጋቸው የጠፋባቸውን ሦስት ቤተሰቦች ራሷ ሄዳ ነገረቻቸው። ሁለቱ ወልድያ ናቸው፤ በባጃጅ ሄድን። ሦስተኛዎቹ አቀበት ላይ ነው የሚኖሩት፤ ባጃጁ አይወጣም፤ በየጥቂት እርምጃው እየቆመች ወጣችው። ለምን ያኛውን እንዳስቀደመች ሳትደብቅ ነገረቻቸው። አንደኛዋ ሙሽራ ተቆጣች። "አንቺ ማነሽና ነው የምትመርጪው?" አለቻት። እትዬ ጥሩ "ልክ ነሽ" አለቻት። ስንወርድ አለቀሰች። አሁንም ሳስበው ያቺ ሙሽራም አልተሳሳተችም፤ እትዬ ጥሩም አልተሳሳተችም። ደካማ ዲስክ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ መሰካት ሲቻል ሌላው መቅረቱ ነው።

የቀሩትን አሮጌ ዲስኮች ወደ አዲሷ ማሳለፉን ለእኔ ሰጠችኝ። እሷ ከቤቷ አልጋ ላይ ሆና በየቀኑ ትደውላለች። "ስንት ቀረ?" ትለኛለች። "አምስት"፣ "ሦስት" እላታለሁ። የመጨረሻውን ዲስክ የጨረስኩ ቀን ደውዬ ነገርኳት። "ጎሽ" አለች። "በል አንተም እረፍ።" ከሳምንት በኋላ ነው ውርጌሳ ላይ ስልኩ የተደወለልኝ።

በቀብሩ ማግስት ለቅሶ ቤቱ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ሰዉ ሳስቷል፤ ሁሉም የደከመው ይመስላል። እማማ ፋጡማ ጥቁር ሻሻቸውን አድርገው ገቡ። ከውርጌሳ ሲነሡ ገና አልነጋም ነበር አሉ። የሚያውቃቸው ሰው ስለሌለ በሩ አጠገብ ቁጭ አሉ። ከሴቶቹ አንዷ፣ የሟች የአክስት ልጅ፣ ዘመድ መስለዋት ጠጋ ብላ፣

"ከየት ነው እናቴ? ምንዎ ናት?" አለቻቸው።

እማማ ፋጡማ ቀና ብለው አዩዋት።

"ልጄ ሲጠራኝ ያሰማችኝ ናት" አሉ።

ሴትዮዋ ነገሩ ገብቷት ይሁን ሳይገባት አላውቅም። ብቻ ብድግ ብላ እጃቸውን ያዘችና፣ ከእትዬ ጥሩወርቅ እህት አጠገብ ወስዳ አስቀመጠቻቸው።